መድኃኒቱ ድምፁን ዝም ያሰኛል፤ ሰላምታውን ግን ማን ያለማምደው?

(ደብረ ማርቆስ ላይ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ለያዛቸው ሰዎች ቤተሰቦች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለዕድር ዳኞች የቀረበ ንግግር፤ እንደተነገረ ማለት ይቻላል)

እንደምን አረፈዳችሁ? እናቶች፣ አባቶች፣ የዕድር ዳኞች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ከሕመሙ ጋር እየኖራችሁ ዛሬ ደፍራችሁ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ወደ ፊት ቅረቡ እንጂ፣ ወንበር አለ። ከቢቸናም ከደጀንም በሌሊት የተነሣችሁ አላችሁ ተብሏል፤ ጊዜያችሁን በመግቢያ አልጨርስባችሁም።

የታማሚ ቤተሰብ ካሳከመ ከስድስት ወር፣ ከዓመት በኋላ የሚናገራት አንዲት ነገር አለች። «በሽታውስ ተሻለው፤ ልጁ ግን አልተመለሰም።» እስቲ ይህችን ተናግሮ የማያውቅ እጁን ያውጣ። አያችሁ? አንድም እጅ የለም።

ምን ማለታችን ነው? ጆሮው ላይ የሚመጣው ድምፅ ቀንሷል። ሌሊት መባነኑ ቀርቷል። «ጎረቤት መርዝ አበላኝ» ማለቱን ትቷል። ግን እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል። ቡና ሲፈላ አይወጣም። ሰላም ሲሉት መሬት መሬት እያየ «እ» ብሎ ያልፋል። ቤተሰቡም ወይ «ሰነፈ» ይላል፣ ወይ «ጠላን» ይላል። ሁለቱም አይደለም። ሰንፎም አይደለም፣ ጠልቷችሁም አይደለም። እንግዲህ ዛሬ ሦስት ነገር ነው የምናየው፤ ለምን እንዲህ እንደሚሆን፣ ከሰው ጋር መግባባት፣ ማኅበራዊ ችሎታ የምንለው፣ እንዴት እንደሚለማመድ፣ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያበላሸው። ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ፤ ሥራው ያለው እዚያ ነውና።

መጀመሪያ ለምን? ስኪዞፍሬኒያ እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በዓለም ከ300 ሰው አንዱ ገደማ አለበት። በአገራችን ቡታጅራ አካባቢ ከ68,000 በላይ ሰው ቤት ለቤት ተጠይቆ በተሠራው ጥናት ከ1,000 ሰው ወደ 5 የሚጠጋው በሕይወቱ ይህ ሕመም ያገኘው ሆኖ ተገኝቷል። ሕመሙ ሦስት ፊት አለው። አንደኛው የሚጨምረው ነው፤ ድምፅ መስማት፣ መሠረት የሌለው ጥርጣሬ። ሁለተኛው የሚቀንሰው ነው፤ ፍላጎት፣ ንግግር፣ የፊት ገጽታ። ሦስተኛው ሐሳብ መያዝን፣ ማስታወስን፣ ማቀድን ያዳክማል። መድኃኒቱ የሚበረታው በአንደኛው ላይ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ያን ያህል አይሠራም። ስለዚህ «መድኃኒት እየዋጠ ለምን ሰው አይሆንም?» ስትሉ፣ መድኃኒቱን የማይችለውን ሥራ እየጠየቃችሁት ነው።

ደግሞ ዕድሜውን አስቡ። ሕመሙ በአብዛኛው የሚጀምረው ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ ነው፤ ወንዶች ላይ ቀደም ይላል። ያ ዕድሜ ምን የሚማሩበት ነው? ገበያ ወርዶ መከራከር፣ ለሽማግሌ መናገር፣ ሲቀየሙ ሳይጣሉ መንገር፣ ልጅ ዐይቶ መመኘት፣ ወንፈል ገብቶ ከእኩያ ጋር መዋል። ብዙ ሰው ይህን ችሎታ ያጣው ኖሮት አይደለም፤ መማሪያ ጊዜውን በሽታው በላበት። ያልተማረውን ነው «ረሳ» ብለን የምንወቅሰው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ቤተሰብ የሚያዝንበት ስለሆነ። ፊቱ ጠፍጣፋ ሆነ ማለት ውስጡ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ፊልም እያሳዩ የፊታቸውን እንቅስቃሴ የለኩ ተመራማሪዎች ያገኙት ይህንን ነው፤ ታማሚዎቹ ፊታቸው ላይ ያሳዩት ከሌላው ሰው ያነሰ ነበር፣ «ምን ተሰማህ?» ሲባሉ የተናገሩት ግን ከሌላው እኩል ነበር። እናት ሞታ ያላለቀሰ ልጅ አላዘነም ብላችሁ አትፍረዱ። አንዳንዴ ደግሞ ፊቱን የሚያደርቀው መድኃኒቱ ራሱ ነው። ሃሎፐሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ በየወሩ የሚወጋው ፍሉፌናዚን ፊትን ሊያደርቁ፣ እጅን ሊያንቀጠቅጡ፣ አካሄድን ሊያዘገዩ ይችላሉ። እግሩ አላስቀምጥ ብሎት ከቡና መሀል የሚነሣም አለ፤ ንቋችሁ አይደለም። ይህን ስታዩ ለሐኪሙ ንገሩ፤ መጠኑ ይስተካከላል፣ ማስታገሻ ይጨመራል፣ ወይም ይቀየራል። በራሳችሁ ግን አታቁሙት። አታቁሙት! ሲቆም ያገረሻል።

ወደ ዋናው ልግባ። ሰላም ማለት አንድ ነገር ይመስላችኋል? ስንት ነገር እንደሆነ እንቁጠረው። ሰውየውን ማየት፣ ማን እንደሆነ ማወቅ፣ ቸኩሏል ወይስ ቆሟል ብሎ መገመት፣ አንቱ ልበል አንተ ብሎ መምረጥ፣ ምን ያህል ልቅረብ ማለት፣ ድምፅን ማንሣት፣ መልስ መጠበቅ፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ መጨመር። ስምንት ነገር በአንድ ትንፋሽ! የካሊፎርኒያው ሐኪም ሮበርት ሊበርማን ይህን ሁሉ በሦስት ክፍል አስቀመጠው፤ መቀበል፣ ማብላላት፣ መመለስ። ሱቅ ሄዶ መልሱ ጎድሎ ተሰጠው እንበል። መጉደሉን አላየም? መቀበሉ ላይ ነው ችግሩ። አይቷል፣ ግን «ሆን ብሎ ሊያጠፋኝ ነው» አለ? ማብላላቱ ላይ ነው። ገብቶታል፣ ግን ወይ ጮኸ ወይ ዝም ብሎ ወጣ? መመለሱ ላይ ነው። የትኛው እንደተሰበረ ሳታውቁ ንግግር ብታስተምሩት ያልታመመውን እግር እንደማሸት ነው።

እኛ ጎጃሞች ደግሞ ማብላላቱን እናከብድበታለን። የቅኔ አገር ሰዎች ነን፤ ያለ ሰምና ወርቅ አንናገርም። «ዛሬ ቡናው ቆየሳ» ስንል አፍሉ ማለታችን ነው። «ኧረ በቃኝ» ስንል አንድ ጉርሻ ጨምሩልኝ ማለታችን ነው። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚይዘው ሰሙን ነው። «በቃኝ» ካላችሁት ሳህኑን ያነሣል። ከዚያ «ባለጌ» ትሉታላችሁ! የት አጠፋ? ያላችሁትን አደረገ። ቤት ውስጥ ወርቁን አውጥታችሁ ስጡት። «ውኃ ጠማኝ፣ አንድ ብርጭቆ ቅዳልኝ» በሉት። ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ትእዛዙ አንድ ይሁን፤ ሲጨርስ ሌላውን ንገሩት።

አሁን እንዴት ይለማመዳል? የቅኔ ቤቱን አስቡ። ዋሸራም ሆነ ጎንጅ የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን መወድስ ቁጠር አይባልም። በሁለት ቤት በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ስምንት ቤቱ መወድስ በኋላ ይመጣል። ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ተመልሶ ይቆጥራል። የማኅበራዊ ችሎታ ልምምድም ይኸው ነው። ትንሽ፣ ሲሠሩት የሚታይ፣ እየታረመ የሚደገም።

በቡድን ሲሆን ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል፤ አሥር ካለፈ ተራ አይደርስም። አሠልጣኝ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሲመራ ሌላው አብሮ ይተውናል፣ የሰዉንም ሁኔታ ይከታተላል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት። ድምፅ ገና የሚያስቸግራቸው ካሉ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይብቃ፤ በር አጠገብ አስቀምጧቸው፣ ሲጨንቃቸው ወጥተው ይመለሱ። ችሎታውም በመሠረቱ አራት ነው፤ ማዳመጥ፣ መጠየቅ፣ ደስ ያለንን መናገር፣ ቅር ያለንን መናገር። ሌላው ሁሉ በእነዚህ ላይ ይገነባል።

መጠየቅን እንውሰድ። ደረጃው ሦስት ነው። ወደ ሰውየው ዞሮ ፊቱን ማየት። የሚፈልገውን ለይቶ መናገር። ቢደረግለት ምን እንደሚሰማው መናገር። «አያ፣ ነገ ማጭዱን ቢያውሱኝ፣ ከቀትር በፊት እመልሳለሁ፤ ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል።» አለቀ። የውጭ አገር መምሪያዎች «ዐይን ዐይኑን እየው» ይላሉ፤ እኛ ዘንድ ታላቅን ዐይን ዐይኑን ማየት ድፍረት ነው። ስለዚህ ቅንድቡን ወይም ግንባሩን ትንሽ አይቶ ዝቅ ማለትን አስተምሩ። የተጻፈውን እንዳለ ከገለበጣችሁ፣ ልጁን አስተካከልን ብላችሁ ከሽማግሌ ታጣሉታላችሁ።

መሪው «መጠየቅ ለምን ይጠቅመናል?» ብሎ ሰዉን ያናግራል፤ ሦስት ደቂቃ እንጂ ከዚያ አይለፍ። ደረጃዎቹን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ማንበብ የማይችል ካለ በሥዕል፦ ፊት፣ አፍ፣ ልብ። ከዚያ ሁለቱ አሠልጣኞች ራሳቸው ሠርተው ያሳያሉ፣ ለአንድ ደቂቃ። «ምን አያችሁ? ፊቱን አየው? ምን አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ቀጥሎ ፈቃደኛ የሆነው ይነሣል። ሁልጊዜ በፈቃደኛው ጀምሩ፤ የፈራው ሦስት ሰው ካየ በኋላ ይቀለዋል። የሚሠራው ነገር ደግሞ ከራሱ ሳምንት ይምጣ፤ ነገ የእውነት የሚጠይቀው ሰው ይኑር። ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ይሠራዋል። ሲጨርስ መጀመሪያ ምስጋና፣ ቀጥሎ አንድ እርማት፣ ቀጥሎ ይደግመዋል። ሁለቴ፣ ሦስቴ። በመጨረሻ እንደገና ምስጋና፣ ከዚያ የቤት ሥራ። ቅደም ተከተሉን አታዛቡት።

ቀላል ነው አይደል? እንግዲያው ለምን ይበላሻል? እዚህ ላይ ልብ አድርጋችሁ ስሙኝ።

በባዶ ሙገሳ ይበላሻል። «ጎበዝ!» ምን ማለት ነው? ምኑ ጎበዝ? «ማጭዱን መቼ እንደምትመልስ መናገርህ ጥሩ ነው፤ ሰው እንዲያምንህ ያደርጋል» በሉ። ያን ጊዜ ምን እንደሚደግም ያውቃል። በእርማት ብዛትም ይበላሻል። ድምፅህ ዝቅ አለ፣ ቀና በል፣ እጅህን ከኪስህ አውጣ፣ ፈጠንክ፣ ራቅክ! አምስት ነገር የተነገረው ሰው አንዱንም አይዝም፤ የያዘው ማፈርን ብቻ ነው። አንድ ብቻ። ድምፁን ዛሬ፣ እጁን በሚቀጥለው ሳምንት።

በስብከትም ይበላሻል። ይህ የኛ የባለሙያዎች ኃጢአት ነው፣ እኔም እዚህ ቆሜ እያወራሁ ስለሆነ ልናገረው። መሪው አርባ ደቂቃ ስለ መልካም ግንኙነት ካስተማረ በኋላ «ጊዜ ስለሌለ ልምምዱን በሚቀጥለው» ይላል። ዋና በወሬ ይለመዳል? ከጊዜያችሁ ከግማሽ በላይ ሰው ተነሥቶ የሚሠራበት ካልሆነ ሥልጠና ብላችሁ አትጥሩት።

ከሁሉ የከፋው የቤት ሥራው ነው። «ቅዳሜ ገበያ ወርደህ ከሰው ጋር ተጫወት» ይባላል። ከማን ጋር? ስለ ምን? እስከ መቼ? ልጁ ይወርዳል፣ በጩኸቱ መሀል ይቆማል፣ ይጨንቀዋል፣ ይመለሳል፤ «አልችልም» የሚለውን አረጋግጦ መጣ። የቤት ሥራ እንዲህ ይሁን፦ ነገ ጠዋት፣ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ ለጎረቤታችሁ «እንዴት አደሩ» በል፣ መልሱን ጠብቅ፣ «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ብለህ ጨምር። ጊዜው፣ ቦታው፣ ሰውየው፣ ቃሉ ታወቀ። ጎረቤትየዋን ደግሞ ዛሬ ማታ ሄዳችሁ ንገሯት፤ ቆም ብላ ትመልስለት። ልጁም መንገራችሁን ይወቅ፤ በስውር የተደረገ ነገር ለተጠራጣሪ ሰው መርዝ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያው ጥያቄ «የቤት ሥራው እንዴት ሆነ?» ይሁን። ካልሠራው አትቆጡት፤ ምን እንዳሰናከለው ጠይቃችሁ ለሁለት ክፈሉለት።

ሌላም አለ። ግቡ የማን ነው? አባት ልጁ ቤተ ዘመድ መሀል እንዲናገር ይፈልጋል። ልጁ የሚፈልገው ግን ጸጉር ቤት ገብቶ እንዴት እንደሚቆረጥ መናገር ነው። በጸጉሩ ጀምሩ።

ስለ ስሜት ልናገር። ሁለት ሥራ አለው። አንዱ የሌላውን ስሜት ማንበብ ነው። ደስታ፣ ሐዘን፣ ቁጣ፣ ፍርሃት፣ መጸየፍ፣ መደነቅ፤ በእነዚህ ስድስት ጀምሩ። የሰው ፎቶ አሳዩት፣ ስሙን ብቻ አይንገራችሁ፤ «ቅንድቡ ምን ሆነ? አፉስ?» በሉት። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው በተለይ የሚቸገሩት ፍርሃትንና ቁጣን በመሳሰሉ ስሜቶች ነው። ከፎቶ ወደ መስተዋት፣ ከመስተዋት ወደ ሰው፣ ከዚያ ድምፅ ብቻ። አንድ «እሺ»ን በደስታም በኩርፊያም ብላችሁ አሰሙት።

ከማንበቡ ቀጥሎ መተርጎም አለ። ሁለት ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው ይስቃሉ። «በኔ ነው የሚስቁት!» ማስረጃ ሳይሞላ ቶሎ መደምደም የሕመሙ አንድ ጠባይ ነው። ታዲያ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ፤ በአንድ በኩል «ያየሁት»፣ በሌላው «የገመትኩት»። ያየው ምንድን ነው? ሁለት ሰው፣ ሳቅ። በእሱ መሆኑ የቱ ላይ ይጻፋል? ከዚያ «ሌላ በምን ሊስቁ ይችላሉ? ሁለት ንገረኝ» በሉት። ተጠንቀቁ ግን። ይህ የሚሠራው ለጥቃቅን ጥርጣሬ ነው። አጥብቆ የያዘውን እምነት በክርክር ልታስጥሉት አትሞክሩ፤ ይብስ ያጠብቀዋል፣ እናንተንም ከጠላት ይቆጥራል። «ልክ ነህ»ም አትበሉት። «እንዲህ ስታስብ በጣም ትፈራለህ ማለት ነው» ብላችሁ ስሜቱን ያዙለት።

ሁለተኛው የራሱን ስሜት ማወቅ ነው። «ተናደድኩ» ከማለቱ በፊት ሰውነቱ ይነግረዋል፤ መንጋጋ ይጠብቃል፣ ደረት ይመታል። ከዜሮ እስከ አሥር ይመዝነው። አምስት ሲደርስ ወጥቶ ይራመድ፣ ውኃ ይጠጣ፤ ዘጠኝ ላይ ልምምድ የለም።

ከመጀመሪያ እናያለን ካልኳችሁ ሦስት ነገር የመጨረሻው ቤት ነው፤ ይህ ለናንተ ለቤተሰብ ነው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጆርጅ ብራውን የሚባል ተመራማሪ ለንደን ውስጥ ከሆስፒታል ወደ ቤታቸው የተመለሱትን ተከታተለ። ነቀፋና ጥላቻ የበዛበት፣ ወይም ከልክ ያለፈ መጨነቅ ያለበት ቤት የገቡት ቶሎ ቶሎ አገረሸባቸው። ሦስተኛውን ልብ በሉ። መጨነቅ! እናት ታጎርሰዋለች፣ ታጥብለታለች፣ እንግዳ ሲጠይቀው ትመልስለታለች። ከፍቅር ነው፤ ግን ልጁ አፉን የሚከፍትበትን ቦታ ወሰደችበት። እናቴ፣ ሲጠየቅ እስከ አሥር ቁጠሪ። ሐሳቡ እስኪሰበሰብ ጊዜ ይወስዳል፤ አሥር ሲሞላ ብዙ ጊዜ መልሱ ይመጣል። ነቀፋውንም እንዲህ ቀይሩት። «ሁሌም ሰነፍ ነህ» አይባልም። «ዛሬ ጠዋት ከብቶቹ ሳይወጡ ቀሩ። እኔ ተጨነቅሁ። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ብታወጣቸው ደስ ይለኛል።» የሆነው፣ የተሰማኝ፣ የምፈልገው። ያው የመጠየቅ ደረጃ ነው፤ እናንተም ትለማመዱታላችሁ ማለት ነው።

ስለ ጸበል የምትጠይቁኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሂዱ፤ ጸበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም። የሚጣሉት መድኃኒት ሲቋረጥና ሰው ሲታሰር ነው። የታሰረ ሰው የሚለማመደው ማኅበራዊ ችሎታ የለም።

የዕድር ዳኞች፣ ከእናንተ ገንዘብ አንፈልግም። ሥራ ስጡልን። ድንኳን ሲተከል ካስማ ይያዝ፣ ሳህን ይቁጠር። ሰው መሀል የሚያስቆመው ምክንያት ይኑረው። በሶዶ ወረዳ የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው ቤት ለቤት እየሄዱ ታማሚዎችንና ቤተሰባቸውን ያገዙበት፣ ማኅበረሰቡንም ያሳተፉበት ጥናት ነበር፤ 166 ታማሚዎች ተካተውበታል፣ ውጤቱ በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታትሟል። ከዓመት በኋላ ከሕክምና በተጨማሪ ይህን እገዛ ያገኙት ሕክምና ብቻ ካገኙት የተሻለ የዕለት ኑሯቸውን ይመሩ ነበር።

ልምምዱ የማያደርገውንም ልንገራችሁ። መድኃኒትን አይተካም። ክፍል ውስጥ የተለመደው በራሱ እግር ገበያ አይወርድም፤ እናንተ ካልወሰዳችሁት እዚያው ይቀራል። በሁለት ሳምንትም አይታይም፤ ወራት ጠብቁ። ደግሞ እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ፣ ድምፁ «ራስህን ጉዳ» ወይም «ሰው ጉዳ» ካለው፣ መሞትን ካነሣ፣ ልምምዱን ትታችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ብቻውን አትተዉት።

ስብከቱ ከበዛ ያልኩትን ራሴ አፈረስሁ። በሉ ተነሡ። ሁለት ሁለት ሁኑ፣ ከማታውቁት ሰው ጋር። አንዱ ማጭድ ይጠይቃል፣ አንዱ ባለ ማጭድ ነው። አንድ ደቂቃ። ሲያበቃ አንድ ምስጋና፣ አንድ እርማት፣ ከዚያ ድገሙት። በሩ ጋ ያላችሁት አባት፣ አዎ እርስዎ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ እኔና እርስዎ ፊት ወጥተን እናሳያቸው፤ ማጭዱ የእርስዎ ነው፣ ቶሎም እንዳይሰጡኝ።